አንድ ጥይት፣ አራት ቀዳዳ

ያን ጋቢ ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ክው እላለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። መሣሪያ ያላስመዘገበ ሁሉ እየተለቀመ ሲታሰር፣ አባቴ ምንሽር ጠመንጃውን ቀብሮ ደባርቅ ዳርቻ ባለው ቤታችን ቁጭ ብሏል። ሊይዙት ቢመጡ የሚያደርገውን ቆርጧል፤ በጓሮ በኩል ወደ ገደሉ መሮጥ።

«የቀበሌው ጠባቂ የያዘው ሽጉጥ ነው» ይላል። «ጣት የምታህል አፈሙዝ ምን ታመጣለች? ገደሉ ድረስ ሃያ አምስት እርምጃ ነው። ጋቢዬን አራት ላይ አጥፌ ጀርባዬ ላይ ጣል ካደረግሁ አይበሳኝም።»

ይህን ያስተማረው አጎቴ ነው። የእናቴ ወንድም ዳባት ላይ ጠመንጃ ይጠግናል። ባሩዱ ጥይቱን የሚገፋው አፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፣ ረጅሙ አፈሙዝ ብዙ ይገፋዋል፣ አጭሩ ቶሎ ይለቀዋል፣ ስለዚህ የምንሽርና የሽጉጥ ጥይት ፍጥነታቸው አይገናኝም ብሎ አስረድቶታል። አባቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጥመውን ብቻ ይዞ ቀረ።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አፌም አያርፍም። «እንግዲያው አባባ፣ ጋቢውን ሰቅለን እንሞክረው» አልሁ።

አጎቴ ለጥገና የመጣ ሽጉጥ ገብስ ስልቻ ውስጥ ደብቆ መጣ። ራቅ ካለ ሸለቆ ወርደን ጋቢውን አራት ላይ አጥፈን ጥድ ላይ ሰቀልነው። ሃያ አምስቱን እርምጃ አባቴ ራሱ ቆጠረ። ያኔ ተኩስ ብርቅ ስላልነበር ምንድን ነው ብሎ የመጣ የለም።

አጎቴ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ጋቢው ንቅንቅ አላለም።

«አልነገርኋችሁም?» ብሎ አባቴ ሳቀ።

«ስቼው እኮ ነው!» አለ አጎቴ ተናዶ። አራተኛውን ሲተኩስ ጋቢው ዘለለ።

ሮጬ አውርጄ ዘረጋሁት። አራት ቀዳዳ! ጥይቱ ጋቢውን አልፎ ጥዱ ውስጥ ገብቷል፤ አጎቴ ቀዳዳው ውስጥ የሰንበሌጥ አገዳ ቢከት ሁለት አንጓ ጣት ያህል ሰመጠ።

«አጭር አፈሙዝ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ እኔም ያልሁዎ ይህንኑ ነው» አለ። «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ሆነብዎ።»

አባቴ አንዱን ቀዳዳ በጣቱ ነካካ። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስሁ። «ቢመጡ አይሩጡ፤ ከሚሞቱብኝ ቢታሰሩ ይሻለኛል። ይማሉልኝ!» አልሁት። ማለልኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ጠባቂው ብቻውን መጣ። ጎረቤታችንን ቀድሞ ይዞታል። አባቴ ያንኑ ጋቢ ለብሶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ከአጥራችን ሳንርቅ ጎረቤታችን በድንገት ወደ ገደሉ ፈተለከ። ጠባቂው ሽጉጡ ባዶ እስኪሆን ተኮሰበት። አንዱም አልነካውም።

ጠባቂው ባዶ ሽጉጥ ይዞ ሲቆም አባቴ ዞሮ አየኝ። ይሩጡ ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ከድንጋጤ የተነሣ ድምፅ አልወጣኝም። እሱም ምሎልኝ ነበርና አልሮጠም።

አባቴ ከእስር ሳይመለስ በዚያው ቀረ። ጎረቤታችን ደርግ ሲወድቅ ተመለሰ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፎ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ባየሁት ቁጥር ያ ሸለቆ ይመጣብኛል። ቀዳዳዎቹን አንድ ሁለት ብዬ አራቱንም ቆጥሬያቸው ነበር። የሳቱትን ሦስቱን ጥይቶች ግን አልቆጠርኋቸውም።