ከጉሮሮ የሚመለሰው ሻይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ኃጢአቴን ስዘረግፍ፣ እዚች ላይ ስደርስ ምራቄን ውጬ አልፋት ነበር። በሻይ ንስሐ ይገባል እንዴ? ይስቁብኛል ብዬ ነው። እናንተም ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ ግን እስኪያልቅ ታገሱኝ።

በደርግ ጊዜ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ግቢ የምንጋራቸው ጋሼ ወርቁ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ድሮ ቻይናዎች ሰሜን ውስጥ መንገድ ሲሠሩ ግሬደር ይነዱላቸው ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያመላለሱኝ እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ስለ አንድ ቻይናዊ የሥራ ጓደኛቸው ያወሩኝ ነበር። በቋንቋ አይግባቡም። ሥራ ሲያበቃ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ይጠጣሉ፣ በቃ። "ስኳር የለውም" ይሉኝ ነበር። "መጀመሪያ ይመርሻል። ከዋጥሽው በኋላ ትንሽ ቆይቶ፣ ጣፋጩ ከጉሮሮሽ ይመለሳል።" ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል። ያንን ሰው ይናፍቁ ነበር፤ ወጣትነታቸውንም መሰለኝ።

አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ቻይና፣ ካንቶን ሲልከኝ፣ እሳቸው እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ከቤት መውጣት ትተው ነበር።

"ልጄ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉኝ። "ያቺን ሻይ ብቻ። ሳልሞት አንዴ ልቅመሳት።"

ፈልጌላቸዋለሁ፤ ይህቺን እንኳ ልናገር። ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ። አንዲት ሻጭ ትንንሽ ሲኒ ደርድራ እያፈላች አስቀመሰችኝ። እኔ ጉሮሮዬን በጣቴ እያሳየሁ፣ እሷ እየሳቀች፣ ስንቱን ቀመስሁ። አንዱ መረረኝ። ዋጥሁት፣ ቆየሁ። መጣ! ጣፋጩ ከጉሮሮዬ ተመለሰ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሜ አለቀስሁ። በወረቀት አስጠቅልዬ ገዛሁ። ለራሴም አንድ ቀሚስ የሚወጣው ሐር ገዛሁ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት፣ ገና ጋሼን ሳላያቸው፣ ቢሮ ሄድሁ። የመምሪያው ኃላፊ "ታዲያ፣ ከቻይና ምን ይዘሽልን መጣሽ?" አለኝ። ያለ እሱ ፊርማ ከአገር መውጣት የለም፤ እኔ ደግሞ መውጣት ጥሞኝ ነበር። ለምሳ ቤት ሄድሁና ሻንጣዬን ከፈትሁ። ሐሩ አለ፤ ሻዩ አለ። ሐሩን ልሰጠው እችል ነበር። አሳሳኝ። ሻዩን ሰጠሁት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን አልጨነቀኝም፤ እኔ መርጬ ሰጠሁት።

ለጋሼስ? ካንቶን ያረፍሁበት ሆቴል ሰዎች ክፍሌ ውስጥ በነጻ ያስቀምጡልኝ የነበረ ተራ ሻይ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሱን በሚያምር ወረቀት ጠቀለልሁላቸው።

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። አፈላሁላቸው። አንዴ ተጎነጩና ዋጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ደገሙ፤ እንደገና ጠበቁ። እንዴት እንደጠበቁ! ሰው ከአውሮፕላን የሚወርድ ዘመዱን እንኳ እንዲያ አይጠብቅም።

"አልተመለሰም" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። እንዳይከፋኝ ደግሞ ፈገግ አሉልኝ። "ሻዩማ እሱ ነው። ምላሴ ነው የሞተው፣ ልጄ። እርጅና እኮ ክፉ ነው።"

"አይደለም ጋሼ" ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። አላልሁም። ሲኒውን ተቀብዬ አጠብሁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጓደኛቸው አንስተውልኝ አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ "ልጄ ከቻይና ያመጣችልኝ ናት" እያሉ በኩራት ያስጠጣሉ፤ እሳቸው አይቀምሱም። የወሰድሁባቸው ሻይ ብቻ ነው? የቀረቻቸውን አንዲት ትዝታ ራሳቸው እንዲጠራጠሯት አደረግሁ። በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ።

ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፤ እኔም እዚያው እኖራለሁ። ያ ሻይ ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ ይሸጣል፤ አልፌው እሄዳለሁ። ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ያንን የሰለቸኝን ወሬ አንድ ጊዜ ብሰማው ምን አለ እላለሁ። ልጅ ነበርሁ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ አልልም። ዘመኑ ሐሩን ለራስሽ አስቀሪ አላለኝም። ይቅርታ የሚጠየቁት ሰው የሉም፤ የእናንተም ለእኔ አይሆነኝም። ያን ቀን ያላልኋትን ቃል ብቻ ዛሬ ልበላት። ጋሼ ወርቁ፣ ምላስዎ አልሞተም ነበር።