የጎሚስታው ከፍያለው ሕግ

ከፍያለውን ቁማርተኛ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ኮምቦልቻ፣ የአሰብ መንገድ መገንጠያ አጠገብ፣ እሱ ዘንድ ጎማ ያስለጠፈ ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያነሣው። ቁማርተኛ ማለት ግን ሲበላ የሚፎክር፣ ሲበሉት የሚሳደብ፣ በመጨረሻም የሚስቱን ነጠላ የሚያስይዝ ሰው ከሆነ፣ ከፍያለው ከዚያ ወገን አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት ፖከር ሲጫወት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማው የለም። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከእትዬ ሥርጉት ጠጅ ቤት ጓሮ የሚሰበሰቡት ቆማሪዎች እንዲያውም ከእሱ ጋር መቀመጥ ይሰለቻቸው ነበር። ካርታው ካላማረው ይጥላል፣ ደግሞ ይጥላል፤ እነሱ ሲጠጡ እሱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይጠብቃል።

ጨዋታውንም ሙያውንም ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ሰውየው በአብዮቱ ማግሥት ወደ አገሩ ሲመለስ ከፍያለው ጎማ ቤቱን ከነሕጎቹ ተረከበ። የጨዋታ ብር ከቤት ብር አይቀላቀልም፤ ለብቻው በወተት ጣሳ ይቀመጣል። እሑድ ደሴ ሲወጣ በጣሳው ካለው ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ይይዛል፤ እሱን ከበሉት ተነሥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል እንጂ እስከ ሳምንቱ ጣሳውን አይነካም። ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ግን ልቡን ነበር። የተናደደ ቀን አይጫወትም፣ ያዘነ ቀን አይጫወትም፣ በጣም ደስ ያለውም ቀን አይጫወትም። እሑድ ጧት አንድ የተበሳ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ዙሪያውን ቀስ ብሎ እስኪጨርስ መታገሥ ካቃተው ያን ቀን ደሴ አይወጣም። ሚስቱ አልታየች በዚህ ነገሩ ትስቅበት ነበር።

ከጣሳው የሚወጣው ብር ለዓመታት ለቆርቆሮና ለደብተር ሲውል ኖሮ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ሌላ ጉዳይ መጣበት። አንድ ልጃቸው ደጉ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምል ከዕድሜ ይልቅ ቁመት ነበር የሚያየው፣ ደጉ ደግሞ ከአባቱ በአንድ ራስ ይበልጣል። የከፍያለው ታናሽ ወንድም ሞላ ቀደም ብሎ ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር። አልታየች አንድ ቀን ጣሳውን አምጥታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

"በዚህ ልጄን አውጣልኝ። ከእንግዲህ ቁማርህን አልረግምም" አለችው።

ጀላል የሚባል የአሰብ ሹፌር፣ የከፍያለው የቆየ ደንበኛ፣ ደጉን ረዳቱ አስመስሎ አሰብ ሊያደርሰውና ወደ ጅቡቲ ከሚያሻግር ባለጀልባ ጋር ሊያገናኘው ቃል ገባ። ለራሱ ምንም አልጠየቀም። የይለፍ ወረቀቱና ጀልባው ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ይፈጃሉ።

"አብሽር ጋሼ፣ ወላሂ እንደ ወንድሜ ነው የማደርሰው። አንቱ ብሩን ብቻ ይሙሉልኝ" አለው።

ከፍያለው አልቸኮለም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ፣ ልጁ ቀን ቀን ከቤት እንዳይወጣ እየተቆጣጠረ፣ ከእሑድ እሑድ ትንሽ በትንሽ እየጨመረ፣ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ጣሳው ዘጠኝ መቶ ብር ያዘ። በሕጉ መሠረት ከሄደ ጥር ሳይገባ ይሞላለት ነበር።

በዚያው ሰኔ የሞላ መርዶ መጣ። ሽማግሌዎች በማለዳ በሩን አንኳኩተው ተረዳ አሉት። እድርተኛው ድንኳን ተከለ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጀላልም መጥቶ "አሏህ ሶብሩን ይስጥዎት" ካለ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ ከመጪው ቅዳሜ ወዲያ ባቲ ላይ ፍተሻው ሊጠብቅ መሆኑን ነገረው። ደጉ ቅዳሜ ካልሄደ አይሄድም። ሦስት መቶ ብር ይጎድላል፤ ለምን እንደፈለገው ሳይናገር መበደር አይችልም፣ የቀበሌው ሰዎች ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ አብረውት ተቀምጠዋል።

በለቅሶ ድንኳን ካርታ መጫወት የተለመደ ነው። ለቀስተኛው ቀኑን ይገፋበታል፣ ቤቱም ጭር አይልም። የሚያስይዙት የክብሪት እንጨት ነው፤ ሐዘንተኛው ራሱ ግን አይጫወትም። በሣልስቱ ከሰዓት በኋላ የደሴ ጓደኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከእነሱም አንዱ፣ ቢያዝን የሚባለው፣ የከፍያለው ፊት ቢያሳዝነው "እስቲ ና ተቀመጥ፣ ትንሽ ሐሳብህን ይወስድልሃል" ብሎ ካርታ ሰጠው። በደግነት ያደረገው ነው። ከፍያለው ተቀመጠ፣ ጥቂት የክብሪት እንጨትም በላ፤ ከዚያ ቀና ብሎ "በብር እናድርገው" አለ።

ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን ወንድሙን የተረዳ ሰው የጠየቀውን እምቢ ማለትም ይከብዳል። ተጫወቱ።

መጀመሪያ የያዘው ብር አለቀ። ወደ ውስጥ ገብቶ ከጣሳው አወጣ፤ ያም አለቀ፤ ሦስተኛ ሲገባ ጣሳውን ገለበጠው። ቤት ውስጥ ያዩት ሁሉ ለእንግዶች እህል የሚያስገዛ መስሏቸው ነበር። ከፊቱ የነበሩት አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ እሑድ እሑድ እየተበሉ ሳይከፋቸው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ጡረተኛ። የዚያን ዕለት ካርታው ለእሳቸው ይመጣ ጀመር። በመጨረሻው ዙር ከፍያለው ሁለት ጥንድ ይዞ ሳለ ሽማግሌው አንድ ካርታ ብቻ ቀይረው ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ከፍያለው ይህን ነገራቸውን ለዓመታት ያውቀዋል፤ ጉልበታቸውን ካሹ ካርታቸው ሞልቷል ማለት ነው። መጣል ነበረበት። እንደ እሱ መጣል የሚችልበትም አልነበረም። ግን የዚያን ዕለት፣ ከወንድሙ ሌላ፣ አንድ ነገር ደግሞ መልቀቅ አልሆነለትም። የቀረውን ሁሉ ገፋው። ሽማግሌው ሦስት ስምንትና ሁለት አሥር ዘረጉ፤ ከሁለት ጥንድ ይበልጣል፤ ዘጠኝ መቶው ብር ሁሉ ወደ እሳቸው ሄደ።

በማግሥቱ ዓርብ ጧት አቶ ወልደ ሚካኤል በመጀመሪያው አውቶቡስ ከደሴ ወርደው፣ ከፍያለው ከለቅሶው ዞር ብሎ ብቻውን ወደተቀመጠበት ጎማ ቤት መጡ። ብሩን በመሐረብ ቋጥረውታል። ለምን እንደተጠራቀመ ማንም አልነገራቸውም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ብቻ ነው የመጡት።

"ይህ የሐዘን ብር ነው፤ እኔ ጋ አያድርም። እንካ" አሉት።

"የተበላ ብር አይመለስም" አለ ከፍያለው። "እርስዎ ስንቴ ተበልተው ሄደዋል፤ አንድ ቀን መልስልኝ ብለውኛል?"

"አንተ ሐዘንተኛ ነህ።"

"ሐዘንተኛ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም።"

ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀውን ሕግ በአንድ ከሰዓት በኋላ አፍርሶ ሲያበቃ፣ የቁማር ቤቱን ኩራት ብቻ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ከልቡ ግን አልነበረም። ልቡማ ብሩ ላይ ነበር። እንደ ማንኛውም በወግ ያደገ ሰው አንዴ እምቢ አለ፣ ሁለቴም እምቢ አለ፤ "በሞቴ" እስኪሉት ነው የጠበቀው። "በሞቴ" ቢሉት ምን ያደርጋል፤ ለሽማግሌ ክብር ሲል ይቀበል ነበር፣ ስሙም አይጎድፍም። አቶ ወልደ ሚካኤልም ቃሏ አፋቸው ላይ ደርሳለች። ነገር ግን መርዶ ከገባ ሳምንት ላልሞላው ሰው፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ ሞትን አንሥቶ መማጸን ከበዳቸው። መሐረቡን እያገላበጡ ትንሽ ቆሙ። ከዚያም "እንግዲህ እንዳልክ" ብለው ኪሳቸው ከተቱትና ሄዱ። ከፍያለው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ እስኪታጠፉ ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው፤ ይመለሱ ይሆናል ብሎ።

ቅዳሜ ጀላል መኪናውን አስነሥቶ መገንጠያው ላይ ጠበቀ። ከፍያለው ባዶ እጁን ቀረበ።

"ዘጠኝ መቶው የለም?" አለ ጀላል። "የጎደለውንማ ከሹፌሮች ለምኜ ሞልቼው ነበር የመጣሁት።"

ጀላልም መንገድ ስለሚዘጋበት ሄደ።

ደጉን ሐምሌ ውስጥ ከቤት አውጥተው ወሰዱት። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ።

አልታየች ባሏን አልተጣላችውም ነበር። ዘመዶቿ ሲያሙት "ወንድሙ የተቀበረበትን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ ሐዘን ምን የማያስደርገው አለ" ብላ ትከራከርለታለች። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ሰኞ ገበያ ወጥታ የአቶ ወልደ ሚካኤልን ሚስት አገኘች። ወደ ቤት ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከፍያለው ፊት ቆመች።

"ጋሽ ወልደ ሚካኤል ብሩን ይዘውልህ መጥተው ነበር?"

"መጥተው ነበር።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"መቼ?"

"ዓርብ።"

"ምን አልካቸው?"

ስለ "በሞቴ" ሊነግራት አሰበ። ገና ከአፉ ሳይወጣ ለጆሮ እንዴት እንደሚከብድ ታወቀው።

"የተበላ ብር አይመለስም አልኳቸው።"

አልታየች ዘንቢሏን አስቀመጠች።

"ቁማሩን ሐዘን ነው ብዬ አልፌልህ ነበር" አለች። "ይኼንን ምን ነው ብዬ ልለፈው?"

አልታየች ከዚያ ቀን በኋላም ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ሰው ሲመጣም እንደ ወጉ አብራው ትቀመጣለች። የደጉን ስም ግን እሱ ባለበት አታነሣም፤ እሱ ሲያነሣውም ተነሥታ ትወጣለች።