የእማማ ጫልቱ ላም የምትበላው ጨፌ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ሰፊ ጨፌ ነበር። ማንም ያልዘራው፣ ማንም ውኃ ያላጠጣው ሣር! ሰርዶው ከሥር ተጠላልፎ፣ ማገጡ አብቦ፣ ሙጃው ወገብ ደርሶ፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተኛል። ክረምቱን ከብት አይገባበትም፤ የሰፈሩ ሰው ከልሎ ያቆየውና መስቀል ሲያልፍ በደቦ ያጭደዋል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሣር አላየሁም።

እኔ አትክልተኛ ነበርኩ፤ ከውጭ በመጣ የሣር ዘር የቪላ ግቢ አለብስ ነበር። ቀበሌው ለአብዮት በዓል እንግዶች ጨፌው ታርሶ የእኔ ሣር እንዲዘራበት አሰበ። በስብሰባው ላይ እማማ ጫልቱ ተነሡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የአንዲት ላም ወተት ሸጠው የሚያድሩ ሴት ነበሩ፤ የላሚቱ የበጋ ድርቆሽ ከዚያው ጨፌ ነው።

"እኔን አትስሙኝ። እሱን ጠይቁት፤ ሣር ያውቃል" አሉና ወደ እኔ አመለከቱ።

ሊቀመንበሩ ጠየቀኝ። ምን አልኩ? "አረም ነው" አልኩ። ማገጥ የበላች ላም ወተቷ እንደሚበዛ አሳምሬ እያወቅሁ፣ እኔው በገዛ አፌ አረም ነው አልኩ። ለምን? ያን ሁሉ ሜዳ ምንጣፍ አስመስዬ ትልልቅ ሰዎች እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነዋ!

ሰኔ ላይ ታረሰ። የእኔ ሣር አማረ፣ እንግዶቹም አደነቁ፤ ደስታዬን አልክድም። በጋ ሲገባ ግን ጠዋትና ማታ ካላጠጡት የሚቃጠል ሆነ። ያ ጨፌ ማንን ውኃ ለምኖ ያውቃል? የከረከምኩትን ለእማማ ጫልቱ ብወስድላቸውም ለአንድ ቀን እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ጥር ላይ ላሚቱን ሸጡ።

በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጥፋቴን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ አስገድደውህ ነው። እኔ አልተቀየምኩህም።"

አንገቴን ደፍቼ እጃቸውን ሳምኩ። ማንም አላስገደደኝም ነበር። ይህን ሳልነግራቸው ሞቱ። እማማ ጫልቱ ይቅር ያሉት የተገደደውን ልጅ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አልተባልኩም።