አራት እጅ በአንድ ሰሌዳ

መጋቢት 2006 ዓ.ም. ነበር፤ ሁዳዴ። ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ናት። ትናንት ላፕቶፗን ይዛ መጣችና፣ «አክስቴ፣ በፓይዘን የጻፍኩት ፕሮግራም ሥራውን ለአራት ከፋፍሎ ባንዴ ይጨርሰዋል» አለችኝ።

«መረጃውስ?»

«አንድ ነው። አራቱም እየተጋሩ ይለውጡታል።»

ያ የሁዳዴ ቀን ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚሁ በፕሮግራም ሙያ ልጆች አሳድጌአለሁ። ያን ቀን ሳስበው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ ወጣት ነበርኩ። ደባርቅ ውስጥ፣ የጎብኚ ጓዝ የሚጭኑ ባለበቅሎዎችን ተራ በሚያስጠብቅ ቢሮ ከባልደረባዬ ከዮናስ ጋር እሠራ ነበር። የዮናስ ፕሮግራም ተራ ለደረሰው ሰው በስልክ መልእክት ይልካል። ተጠርቶ የቀረ ሰው ወደ መጨረሻ ይወርዳል።

አንድ ማክሰኞ ከባለበቅሎዎቹ አንዱ፣ አያ አዳነ፣ በቅሏቸውን እየሳቡ ከተራራው መንደር ከጊች ወረዱ። አቧራው ቅንድባቸው ላይ ተጋግሯል። በዚያ ዓመት ውርጭ ገብሳቸውን መትቶት፣ ለቤታቸው የቀረው ተስፋ በቅሎዋ ነበረች።

«ተራዎ ትናንት ነበር» አላቸው ተራ አስከባሪው።

«ማን ጠራኝና?»

«በስልክ ተልኮልዎታል።»

«አያ አዳነ፣ ስልኩን በቅሎዋ አንገት ላይ አስረውት ይሆናል!» አለ አንድ ቀልደኛ ባለበቅሎ።

«እሷ ብትይዘውማ ትናንት በመጣን» አሉ አያ አዳነ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «እታለም፣ ክረምት እየመጣ ነው፤ ጎብኚ ይቀራል። መጨረሻ ከወረድሁ ዘንድሮ አልጫንሁም ማለት ነው» አሉኝ።

የቢሮው ኃላፊ፣ «ኮምፒውተሩ ተልኳል ይላል። ኮምፒውተር አይዋሽም» ብሎ ዘጋው። ዮናስ ማስቲካውን ያላምጥ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ለፍጥነት ሲባል ሥራው ለአራት ተከፍሏል፤ ስምና ስልክ ቁጥር የሚያዝበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። አራት ጸሐፊ አንድ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ነው። አንዱ የአዳነን መልእክት ሊልክ ሲል፣ ሌላው ቁጥሩን ደምስሶ የሌላ ሰው ይጽፍበታል። መልእክቱ ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም «ተልኳል» ይላል።

ጠርቼ ሳሳየው፣ «አውቃለሁ» አለ ዮናስ። «አልፎ አልፎ ነው። ቀስ አድርገሽ ስትሞክሪው አይታይም። ደግሞ የተጎዳው አንድ ሽማግሌ ነው።»

ከስህተቱ ይልቅ እያወቀ ዝም ማለቱ ዘገነነኝ። ፕሮግራሙን እንዳለ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ላፕቶፑን ይዤ በቅሎዎቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄድኩ። ኃላፊውም ዮናስም ነበሩ። የዮናስን ፕሮግራም ሳልነካ ለሁሉም የተራ መልእክት ላክሁ። የየሰዉ ስልክ ጮኸ፤ ሁሉም ትክክል። ዮናስ ፈገግ አለ። እንደገና ላክሁ፤ አሁንም ትክክል። አያ አዳነ መሬት መሬት ያያሉ። በልቤ እመቤቴን እየጠራሁ ደግሜ ላክሁ።

ቀልደኛው ስልኩን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አዳነ፣ ተራህ ደርሷል።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄ እኮ ባለፈውም መጥቶልኝ ነበር። ተሳስቶ ነው ብዬ ተውኩት» አለ።

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው አያ አዳነን ከሰልፉ ፊት አስቆማቸው። እኔም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፕሮግራሙን ከፈትኩና፣ ለአራቱ ጸሐፊዎች የየራሳቸውን ሰሌዳ ሰጠኋቸው።