ጃክን ልንቀብር ወጥተን

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ ወጣት የረገፈበት ክፉ ዓመት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ልብስ ሳጥብ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ልጆቼ "እማዬ ደግሞ ጀመራት" ይሉኛል። እነሱ ሰምተው ጠግበውታልና እስኪ እናንተ ስሙኝ።

ባለቤቴ ግርማ የናዝሬት ልጅ ነው። ፋብሪካ ተቀጥሮ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና ጃክ የሚባል ውሻ ነበር። እኔን ያገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ ጃክ የሚቀድመኝ ነገር ብዙ ነበር፤ ሥጋ በተሠራ ቀን እንኳ መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእሱ ነው። እኔም መጀመሪያ ጠላሁት፣ ቀስ እያልሁ ለመድሁት፣ በመጨረሻም ከግርማ ብሼ ወደድሁት።

ጃክ ጥቁር፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ ነበር። በስሙ የተነሣ ቀበሌ ተጠርተናል። የኢምፔሪያሊስት ስም ነውና ለውጡ ተባልን። ግርማም ፈርቶ "ትግሉ" አለው። ጃክ ግን አልተቀበለም። ሰው ፊት "ትግሉ፣ ና" ስንለው ፊቱን ያዞራል፤ ጆሮው ሥር "ጃክ" ስንለው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። በዚያ ዘመን በሰፈራችን አቋሙን ያልለወጠ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በሕይወቱ የነከሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የሰፈራችን አብዮት ጠባቂ ዘለቀ ነበር። ለፍተሻ ከነጠመንጃው አጥራችንን ዘሎ ሲገባ ባቱን ያዘው። እኛ መጡብን አልመጡብን እያልን እንቅልፍ አጣን። ዘለቀ ግን "ውሻ ነከሰኝ" ብሎ መክሰሱ አሳፈረው መሰለኝ ትንፍሽ ሳይል ቀረ።

ሲያረጅ የጃክ ዓይን ጠፋ። ሌባ ሲገባ ይተኛል፤ ግርማ ከሥራ ሲመጣ ይጮኽበታል። አንዳንድ ቀን በር ይሳሳትና የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለን ቤት ሲጠብቅ ይውላል።

እትዬ አስካለ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ባልቴት ነበሩ። ፔዳ፣ መምህራን ማሠልጠኛው፣ የሚማር አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። አንድ ቀን ከመንገድ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሬሳውን አላገኙም። ቀበሌ ጠርቶ ማልቀስም፣ ጥቁር መልበስም ክልክል ነው አላቸው። ከዚያ ወዲህ እንባቸውን ያየ የለም። ጃክ በራቸው ላይ ሲጋደም ላባርረው እሮጣለሁ፤ እሳቸው ግን "ተይው፣ የሚጠበቅ ባይኖረኝም ይተኛ" ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ጃክ ምግብ አልቀምስ አለ። እትዬ አስካለ መጥተው አፍንጫውን ዳሰሱና "የዛሬን ካደረ ትልቅ ነገር ነው" አሉ። አላደረም። እሑድ ሲነጋ ግርማ ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ውሻ ሲሞት በገመድ ተጎትቶ ገደል ይጣላል፤ ጅብ ይበላዋል። ከዚህ የተለየ ነገር የሰማም ያየም የለም። ግርማ ግን "ጃክ አይጎተትም" አለ። በሰንበት በሰንበት ወፍ ያባርርበት የነበረው የጣና ዳርቻ ላይ እቀብረዋለሁ ብሎ ተነሣ። ለካስ ጉድጓዱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆፍሮ፣ አካፋውንም እዚያው ደብቆ መጥቷል።

ሁለት እንጨት በጆንያ አያይዞ ቃሬዛ ሠራ። ከዚያ ጃክን በነጭ ጋቢ ከራስ እስከ እግሩ ጠቀለለው። የማንን ጋቢ መሰላችሁ? እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን! አፌን ልከፍት ስል ፊቱን አየሁትና የቃሬዛውን ጫፍ አነሣሁ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመን ወጣን።

እዚህ ላይ የግርማን ጥበብ ልንገራችሁ። ሰው እንዳያየን ብሎ የመረጠው ሰዓት ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ስለሆነ በምን ያውቃል?

አስፋልቱን ስንይዝ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከላይ ሲወርድ ተገናኘን። እንግዲህ በአገራችን ሬሳ ሲያልፍ ያገኘ ሰው የራሱን መንገድ ትቶ ይሸኛል። ጠላት እንኳ ቢሆን ይሸኛል። ያን ዕለት ሰው ያየው ደግሞ ያለ ለቀስተኛ፣ ያለ ካህን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻቸውን በነጭ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው ሲሄዱ ነው። ሴት ልጅ ሬሳ ተሸክማ ታይታ አታውቅም። ሁሉም እንዳይለቀስለት ከተከለከለው ወጣት አንዱ ነው ብሎ በልቡ ደመደመ።

መጀመሪያ የደረሱት ብስክሌት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ብስክሌታቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡና የግርማን ጫፍ ተቀበሉት። ግርማ "አባባ፣ ይሄ እኮ..." ማለት ሲጀምር ቆጣ ብለው አቋረጡት።

"ዝም በል ልጄ። ዝም አይነቅዝም። ማንም ማን ነው ብሎ አይጠይቅህም።"

የእኔንም ጫፍ አንድ ጎልማሳ ተቀበለኝ። እኔም "ወንድሜ፣ ሰው እኮ አይደለም" አልሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ "እውነትሽን ነው እህቴ፣ እነሱ ዘንድ ሰው አይደለም" አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ቃሬዛው ከእጃችን ወጣ። ከፊታችን ሲሄድ እኛ የገዛ ውሻችንን ቀብር ከኋላ እንከተል ጀመር።

ሰው በሰው ላይ ተጨመረ። የሚያወራ የለም፤ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲቀያየሩ አንዱ "ምን ያህል ቢያስርቡት ነው እንዲህ የቀለለው?" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ግርማ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ብንናገር በሕዝቡ ሐዘን የቀለድን መስለን ከተማውን ለቀን መጥፋታችን ነው። ዝም ብንል ደግሞ ያለ ፈቃድ ሰልፍ አስወጥታችኋል ተብለን መታሰራችን ነው። እንደዚያ ቀን ጨንቆኝ አያውቅም።

ዘወር ስል ከሴቶቹ መካከል እትዬ አስካለን አየሁ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው የተቀላቀሉት። እኛን፣ የእኔን ጋቢ፣ የጃክንም የትናንት ሁኔታ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አንድ ቃል ቢተነፍሱ አለቀልን። እሳቸው ግን ቃሬዛውን ብቻ እያዩ ይራመዳሉ።

ወደ ሐይቁ ስንታጠፍ ዘለቀ ጠመንጃውን እንዳነገተ ከፊት ቆመ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ።

"ማልቀስ ክልክል ነው" አለ ቀጥሎ።

"ማን አለቀሰ?" አሉ ባለብስክሌቱ ሽማግሌ።

ዘለቀ ሰዉን ግራና ቀኝ አየ። ትክክል ነው፤ ያለቀሰ የለም። ግራ ገባው። እሱም ለካ እናት የወለደችው የአገር ልጅ ነውና ቆቡን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ጠመንጃውንም አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ አነገተና ትከሻውን ሰጠ። እንግዲህ ጃክን፣ ራሱ የነከሰው ሰው ተሸከመው ማለት ነው።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ባለቤቴ የቆፈረው ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ጉድጓዱን ሌሊቱን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልቶታል፤ እንቁራሪት ይዋኝበታል። ለምን በቤተ ክርስቲያን አልሆነም ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እነዚያን ልጆች ማን በቤተ ክርስቲያን ቀበራቸው? ሽማግሌው በባርኔጣቸው ውኃውን ይጨልፉ ጀመር። ዘለቀ አካፋውን ከግርማ ነጥቆ ዙሪያውን አሰፋ።

በዚህ መካከል አንዱ ሮጦ ወደ አንዱ ደሴት ገዳም ለመሻገር ታንኳ የሚጠብቁ አንድ ቄስ ይዞ መጣ። መስቀልና ጃንጥላ የያዙ፣ ቀጭን፣ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ፍትሐት ሊያደርጉ ቀረብ አሉና ግርማን ጠየቁት።

"የክርስትና ስሙን ማን ልበል?"

የግርማ ፊት አመድ መሰለ። እስከዚያ ድረስ የሆነው ሁሉ ውርደት ቢሆን ነው፤ በውሻ ላይ ፍትሐት ማስደረግ ግን ኃጢአት ነው። እናቴ በቄስ ቤት ያደገች ናትና ያን ያህል አውቃለሁ። የመጣው ይምጣ ብዬ "አባ..." አልሁ። ቃሉን ሳልጨርስ የሐይቁ ነፋስ የጋቢውን ጫፍ ገለጠው። የጃክ ጥቁር ጭራ ዱብ ብሎ ወጣ።

ሁሉም አየው። ባለብስክሌቱ ሽማግሌ ውኃ የያዘ ባርኔጣቸውን እንዳንጠለጠሉ ደርቀው ቀሩ። ዘለቀ ጭራውን አየ፣ ግርማን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባቱን አሻሸ። ዓይኔን ጨፈንሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የሰማሁት ግን የእትዬ አስካለን ድምፅ ነው።

"ወልደ ሚካኤል ነው አባ" አሉ። "ልጄ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።"

ቄሱ አዩዋቸው። ጭራውንም አዩት። በጃንጥላቸው ጫፍ ጋቢውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት። ከዚያ ለጉድጓዱ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፣ መስቀላቸውን አንሥተው ስለ ወልደ ሚካኤል ነፍስ ጸለዩ።

ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ሲጠራ እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተደፉ። "ልጄ!" ብለው የጮኹት ጩኸት ከከተማው ማዶ ሳይሰማ አይቀርም። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ የሚከለክለው ዘለቀም አጠገባቸው ቆሟል። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

ዘለቀ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ሮጠና ባለ በሌለ ኃይሉ "ጉማሬ! ኧረ ጉማሬ መጣ!" እያለ መጮህ ጀመረ። ጉማሬ ቀርቶ ዳክዬ አልነበረም። ነገሩ ሲገባን ወንዶቹም ተከትለውት "ጉማሬ! ጉማሬ!" አሉ። በእነሱ ጩኸት ሥር ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ፤ ማን የማንን እንዳለቀሰ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔም ለጃክ አለቀስሁ፣ ለልጁም አለቀስሁ። በመንገድ ያለፈ ሰው ቢሰማ ጉማሬ ያስደነገጠን ነው የሚመስለው።

ሰዉ እትዬ አስካለን ደግፎ ሲሄድ ቄሱ ወደ ታንኳቸው ከመመለሳቸው በፊት ግርማን ጠጋ አሉት። "ውሻህን አሁን ቅበር። እኔ የጸለይሁት ለስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ ባለቤት አለው" አሉት። ጉድጓዱን የሞላው ዘለቀ ነው። አፈሩን በእግሩ ጠቅጥቆ ሲጨርስ "ጥርሱ ግን ስለት ነበር" አለና ሄደ።

እኛ ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሰዉ እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀምጧል። የቀበሌው ሊቀመንበር ወሬውን ሰምቶ ምን ስብሰባ ነው ብሎ መጣ። ባለብስክሌቱ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሳይነሡ "የግርማ ውሻ ሞቶ ነው" አሉት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ተናዶ ዘለቀን ጠራው። ዘለቀም ቀጥ ብሎ ቆሞ "እውነት ነው ጓድ፣ ውሻ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔንም ነክሶኛል" ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየው።

እውነት ስለሆነ ማንም ሊያስተባብለው አልቻለም። ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግርማ ተነሥቶ ለውሻ በማልቀሱ ግለ ሂስ አደረገ፤ የቡርዥዋ ስሜት አለብህ ተባለ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት የተሰደበበት ቀን የለም።

በዓመቱ እትዬ አስካለ አንድ ጋቢ ይዘው ገቡ። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት ነው። ያንቺን ወስጄብሻለሁ አሉኝ። ኧረ ጃክ ነው የለበሰው ብዬ ልስቅ ስል እጄን ያዙኝ።

"ልጄ ያለ መግነዝ ቀረ እያልሁ ስቃጠል ነበር" አሉ። "አልቀረም። ውሻችሁን አዋሳችሁኝ።"

እትዬ አስካለ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። የልጃቸው አጥንት የት እንዳለ እስከ መጨረሻው አላወቁም። ጃክን የቀበርንበት ቦታ ላይ አሁን ወጣቶች ተቀምጠው ጭማቂ ይጠጣሉ። ጋቢው ግን አለኝ፤ ለማንም አላውሰውም። አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣውና ነፋስ ጫፉን ሲያነሣው መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ጥቁር ጭራ ነው፤ እስቃለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ስሙ ይመጣብኛል። ወልደ ሚካኤል እላለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። አሁን የሚከለክለኝ የለም።