እናቴ ስልክ የምትጠብቅበት ወንበር

እናቴ በየጠዋቱ ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየማችን ተነስታ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጋፍታ፣ ፒያሳ ትመጣና አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልክ ትጠብቃለች። ስልኩ ያለው ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህን ለሰው ሳወራ ይስቃል። እኔም በደህናው ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ካፌው በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ካላቸው ካፌዎች አንዱ ነው። ስኒው ላይ፣ ሶፍቱ ላይ፣ የአስተናጋጆቹ ሽርጥ ላይ ያው አንድ ምልክት አለ። መጀመሪያ ለካሸሯ ትከፍላለህ፣ ደረሰኙን ይዘህ ባንኮኒው ጋ ትሰለፋለህ፣ ወንበር ካገኘህ ትቀመጣለህ። የእናቴ ወንበር በመስኮቱ በኩል ሶኬቱ አጠገብ ያለው ነው። ሌላ ሰው ከቀደማት ምንም ሳትናገር አጠገቡ ትቆማለች። ሰውየው ትንሽ ይቆይና አፍሮ ይነሳል።

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ወደ ዳር ከወጣን በኋላ፣ የቀረ ጉዳይ ለመጨረስ ወረዳ መጥተን ዝናብ ያዘንና ካፌው ገባን። ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ከወጣ ሰንብቶ ነበር። ስልኬ ላይ ኢንተርኔት አልነበረኝም። የካፌውን ዋይፋይ ስከፍት ከእሱ የድምፅ መልእክት ገባ።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ማታ ጀልባ አለ እያሉን ነው። ስልኬ ሊዘጋ ነው። ስንሻገር እደውላለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የወሰደው ደላላ ስልክ ዝግ ነው። አብሮት የሄደውን ልጅ ቤተሰቦች አፈላልጌ ሳገኛቸው፣ እነሱም እኔን ሲፈልጉኝ ነበር የሰነበቱት። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል የሚለውን ተረት ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሳውም።

እናቴ መልእክቱ በገባ ማግስት ብቻዋን ተመልሳ ወደ ካፌው ሄደች። ለካሸሯ «የኔ ልጅ፣ ልጄ ከደወለ እዚያ ጋ ነኝ፣ ጥሪኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። አንዱን ቀን እኔ ከቢሮ በምሳ ሰዓት በርሬ ስደርስ ሻይዋን ይዛ በሩን ታያለች።

«እማዬ፣ ስልኩ እኮ ይኸው እኔ ጋ ነው። የትም ብንሆን ይጠራል» አልኳት።

«አንቺ ጋ ከሆነ ታዲያ ለምን አልጠራም?»

ሰው ሲረታኝ እናደዳለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። እሷን መቆጣት ስለማልችል ካሸሯ ላይ ዞርኩባት። ልጅቷ እናቴ በወጣች በገባች ቁጥር «ዛሬ አልተደወለም ማዘር፣ ከተደወለ እጠራዎታለሁ» እያለች ትሸኛት ነበር። ለብቻዋ ጠራኋትና «ምን ያጫውትሻል በሷ? እዚህ የሚደወል ስልክ እንደሌለ አታውቂም?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። በማግስቱም ያንኑ አለቻት።

አንድ ቀን ማናጀሩ መጣ። ካፌው ጢም ብሏል፣ እናቴ በአንድ ሻይ ረፋዱን ጨርሳ፣ ከፌስታል ያወጣችውን ዳቦ እየቆረሰች ነበር። «ማዘር፣ ይቅርታ፣ ደንበኛ ቆሟል» አላት።

«እነዚያ ላፕቶፕ ዘርግተው የዋሉት ደንበኛ ናቸው፤ እሷ ምንድናት?» አልኩት።

እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ዝም በይ፣ ሥራው ነው። የኔ ልጅ፣ ቦታው የናንተ ነው። እኔ ስልኬን ጠብቄ እሄዳለሁ።»

ማናጀሩ የምን ስልክ ሊል አፉን ከፈተና የካሸሯን ፊት አይቶ ተወው። ከዚያ ወዲያ ማንም ተነሺ ብሏት አያውቅም።

እናቴ ሞኝ አይደለችም። ዛሬ ካፌው ያለበት ቦታ ላይ ድሮ ስልክ ያለው ሱቅ ነበር። እኔ ሳልወለድ አባቴ ጅዳ ሊሠራ ሲሄድ፣ ቤታችን ስልክ ስላልነበረ የሚደውለው እዚያ ሱቅ ነበር። እናቴ አርብ አርብ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተሰጥቷት ትጠብቅ ነበር። ይህን የነገረችኝ እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ነው። ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ካሸሯም መጥታ አጠገባችን ቆማ ሰማች።

«ባለሱቁ ደግ ሰው ነበር» አለች እናቴ። «አባትሽ ያልደወለ ቀን አልደወለም ብሎኝ አያውቅም። መስመር ተበላሽቷል፣ ሳምንት ነይ ነው የሚለኝ።»

«ታምኚው ነበር?»

«መስመሩማ ደህና ነበር። ለሌላው ሰው ሲጠራ እሰማለሁ እኮ። ግን እንዲያ ሲለኝ እግሬ ቤት ያደርሰኛል።»

አባቴ በመጨረሻ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። እኔም ወንድሜም የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ እናቴ ግን እዚያ ቦታ የጠበቁት ሰው እንደሚመጣ አንድ ጊዜ አይታለች። ይህን እንዴት ብዬ ነው ከእጇ የማስጥላት?

እኔ በልቤ ወንድሜን ቀብሬዋለሁ። አልቅሼ እንዲወጣልኝ፣ ሰው መጥቶ እንዲያጽናናኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ሻይዋን እያማሰለች ለቅሶ ከለከለችኝ። አንዳንድ ቀን ከፊቷ ተቀምጬ ጮኼ ስኒውን ከግድግዳ ጋር የማጋጨው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ምሳ ሰዓቴ ያልቅና ወደ ቢሮ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣላት። ከአልጋዋ ሆና «ዛሬ አንቺ ተቀመጪልኝ፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን» አለችኝ። እሺ ያልኳት እንድትተኛልኝ ብዬ ነው። አስቤ የነበረው በቀጥታ ቢሮ ለመግባት ነበር።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ካፌው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ወንበሩ ላይ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል። ምንም ሳልናገር አጠገቡ ቆምኩ። ተነሳ። ማኪያቶ የምወድ ሰው ሻይ አዘዝኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ዋይፋዩን ከፈትኩ። ሽንት ቤት መሄድ ፈለግሁ፤ በመሐል ቢጠራስ ብዬ ተውኩት። የቡና ማሽኑ ጩኸት ጥሪውን እንዳይውጥብኝ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። አንዴ ሲጠራ ከወንበሩ ብድግ አልኩ፤ ቢሮ ነበር፣ የት ነሽ ይሉኛል። ሳልመልስላቸው ዘጋሁት፣ መስመሩ እንዳይያዝ።

ሊዘጉ ወንበሮቹን ሲሰበስቡ ተነሳሁ። ካሸሯን ቀና ብዬ ሳላያት ላልፍ ነበር። የተቆጣኋት ሴት ነኝ፣ በምን ዓይኔ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ዞርኩ።

«ዛሬም አልተደወለም?» አልኳት።

ልጅቷ ስትቆጥረው የነበረውን ብር ትታ አየችኝ። አልሳቀችም፣ አላዘነችልኝም።

«መስመር ተበላሽቷል» አለችኝ። «ነገ ነይ።»

እሺ ብያት ወጣሁ። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደውን ዳገት ያዝኩ፤ እግሬም እስከ አውቶቡሱ አደረሰኝ።