መርዶዬን በዊንች ስጎትት

አባቴ መሞቱን በዚያ እሑድ ንጋት ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢን እንደኔ ላለማሞኘት ነው።

እዚህ ውጭ አገር፣ ሉዊስ ሴንተር በምትባል በረዶ በሚበዛባት ከተማ ቤት ስንገዛ ከዋናው መንገድ እስከ በራችን ያለው ጠጠር መንገድ ረጅምና ዳገታማ ስለነበር፣ በረዶ መጥረጊያ የሚገጠምላት እንደ ሞተር ሳይክል የምትጋለብ አንዲት ባለአራት ጎማ ፎር ዊለር ገዛሁ። ከትልልቆቹም ከትንንሾቹም ያልሆነች፣ መካከለኛ። ሰው "መጫወቻ" ሲላት ያናድደኛል። አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት አራቱም ጎማዎቿ ይሠራሉ፤ ሎው ጊር ሲያስገቡላት ፍጥነቷን ትታ ጉልበቷን ታመጣለች፤ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ሲለቁት ሞተሯ ራሱ ይይዛታል። ከፊቷ ደግሞ ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት ዊንች አላት። ባለቤቴ ማስነሳቱንም አያውቅበትም፤ የምነዳት እኔ ነኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ነው፣ ኮቪድ። አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እኔ መሄድ አልቻልኩም። እህቴን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክፉም ቢመጣ በስልክ እንድታሳየኝ። ቀብሩንም ቢሆን።

ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝና "ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱ አላስኬድ ብሏቸው ወደኛ ታጥፈው በረዶው ውስጥ ተቀርቅረው ስታክ አደረጉ፣ ቶሎ ውጪ" አለኝ። ስልኬን ብፈልግ የለም። "ቻርጅ ላይ ነው" አለ። በማለዳ ደጅ የሚመጣ ሀበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን የተያዘ መኪና ሲባል ልቤ ወደ መሣሪያዬ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ፎር ዊለሯ ከመኪና ቀላል ስለሆነች ዝም ብላ ብትጎትት ራሷ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ኋላዋን ከዛፍ ጋር አስሬ፣ የዊንቹን መንጠቆ መኪናው ላይ አንጠልጥዬ፣ ቀስ እያልኩ እጠቀልላለሁ። መኪኖቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሰዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማስክ አድርገው በረዶው ላይ ቆመዋል። እኔ ለምን ሎው ጊር እንደሚያስፈልግ አስረዳቸዋለሁ! ለአባቴ ለቅሶ ለመጡ ሰዎች! አንዳቸውም "ይብቃሽ፣ ነይ ግቢ" አላሉኝም። "ጎበዝ" ይሉኛል እንጂ።

መጨረሻ ላይ ቦይ ውስጥ የቀረው የጋሼ መኪና ነበር፤ እዚሁ አቅራቢያችን ዌስተርቪል የሚኖሩት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ።

"ጋሼ፣ ኒውትራል ያድርጉትና ፍሬኑን ይልቀቁልኝ!"

"እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ" አሉ፤ ዓይናቸው ግን ጭናቸው ላይ ካለው ስልክ አልተነሳም። ያኔ የአባቴን ቀብር እያዩ ነበር። ሰው ሳይሟላ መርዶ አይነገርም ተብሎ፣ መርዶ ነጋሪው ራሳቸው ቦይ ውስጥ ስለገቡ፣ እኔ ደጅ ቆሜ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ አፈር ይመለሳል።

ቤት ገብተን አስቀመጡኝ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ጋሼ ተነሥተው ነገሩኝ።

"ቀብሩ መቼ ነው?" አልኩ።

"አሁን አለቀ፤ ጋሼ በስልክ አዩት" አለ ባለቤቴ። ሴቶቹ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሉኛል። አላለቀስኩም፤ ጮህኩ። "ልጁ እኔ ነኝ! እኔ ሳላይ እናንተ ምን አግብቷችሁ ታያላችሁ?" ባለቤቴ "እንዳትደነግጪ ብለን ነው" አለኝ። የደነገጡት እነሱ ናቸው። የኔን ድንጋጤ ብቻቸውን ማየት ስለፈሩ ሰው እስኪሞላ ጠበቁ፤ እኔ የምከፍለውን ማንም አላሰበም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስልኬን ከባለቤቴ እጅ ነጥቄ እህቴ ጋ ደወልኩ። ከልቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል።

"አየሽው አይደል?" አለችኝ። "ስልክሽ አልነሳ ሲለኝ በጋሼ ስልክ ደወልኩልሽ፤ ሳጥኑ ሲወርድ ስልኩን አስጠግቼ 'እህቴ፣ አባባን ተሰናበቺው' አልኩሽ እኮ። ዝም ስትዪኝ ጊዜ 'እያየች ነው?' ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"'አዎ፣ አጠገቤ ናት፣ እያለቀሰች ነው' አሉኝ።"